የካሊንዳ ክብደት

አባቴ ጀልባዋን ማቅለል የጀመረው በየካቲት ወር መጨረሻ ላይ ነው። የመታጠቢያ ቤታችንን ሚዛን አምጥቶ ጀልባዎች የሚታሰሩበት የእንጨት መድረክ ላይ አስቀመጠውና ከካሊንዳ ሆድ የሚወጣውን ዕቃ አንድ በአንድ ይጭንበት ጀመር። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የእኔ ሥራ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው።

«ብረት መጥበሻ!»

«ሁለት ኪሎ ተኩል!»

«ትኬት ሳይቆርጥ የተሳፈረ ሰው ማለት ነው። ምን እናድርገው?»

«እናውርደው!»

ካሊንዳ በዕድሜ ሃያ ዓመት ትበልጠኛለች። አሥር ሜትር ርዝመት ያላት የጥድ ጀልባ ነበረች፤ ቤተሰብ ይዛ ደሴት ለደሴት እንድትዞርም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንድትወዳደርም ተብላ የተሠራች። እንጨቷ ሲረጥብ እንደ ቅመም ይሸታል። ኬተሪንግ ወሽመጥ ውስጥ ከታሰሩት ጀልባዎች ሁሉ አሮጊቷ እሷ ነበረች። አባቴ በየዓመቱ በፋሲካ ውድድር ሁለተኛ ይወጣባታል። በዚያ ዓመት ግን የምሰሶዋን ሽቦዎች በሙሉ ቀየረ፣ ከአንድ ሰው ያገለገለ ትልቅ ሸራ ገዛ፣ ከዚያም ማቅለል ጀመረ።

መጥበሻው ወረደ። ማንቆርቆሪያው፣ መጻሕፍቱ፣ ታጣፊው ጠረጴዛ ወረዱ። እናቴ የሰፋቻቸው ቀይና ነጭ መጋረጃዎችም ወረዱ። እናቴ ውድድር አትወድም ነበር። በዚያ ወር ግን ቡናማዋን መኪናችንን እስከ መድረኩ አፍ ድረስ እያመጣች ዕቃውን ሁሉ እሷ ጫነች። እንዴት ያለች ጎበዝ ረዳት አገኘን አልኩ።

«ትራሶቹንስ?» አለችው።

«የሰፋሻቸው አንቺ አይደለሽ? ውሰጃቸው።»

«ሁሉንም መውሰድ አልፈልግም፣ ክላይቭ።»

«እያቀለልን ነው፣ ኖሪን» አለና ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። እኔም ጠቀስኩት። ያን ጊዜ አንድ ዓይኔን ብቻ መጨፈን ስለማልችል ሁለቱንም ጨፈንኩ።

ዕቃው ላውንሰስተን ከተማ፣ አክስቴ ቤት ነበር የሚሄደው። ወላጆቼ ተለያይተዋል። ፋሲካዬን እንዳያበላሹብኝ ብለው እስከዚያ ላይነግሩኝ ተስማምተዋል። ከዕቃው ሁሉ ለማን እንደሚሆን ያልተወሰነው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን እናቴ የነገረችኝ ሃያ ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው፤ ድንች እየላጠች፣ ቀና ሳትል።

ያን ጊዜ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከፊት ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጋድሜ ነበር፤ እነሱ ከላይ ተቀምጠዋል። ድምፃቸው በእንጨቱ ውስጥ ያልፋል።

«አንድ ሳምንት ካንተ፣ አንድ ሳምንት ከእኔ» አለች እናቴ። «ግን ልጅቷ እዚህ ጀልባ ላይ ነው የምታድረው። እኔ ደግሞ ሳልሰጋ መተኛት መቻል አለብኝ።»

«በዚህ ወሽመጥ ውስጥ ከእሷ የበለጠ የምታስተማምን ጀልባ አሳዪኝ።»

«እስከ ፋሲካ አያለሁ።»

እኔ እንዲህ ተረዳሁት፦ ከፋሲካ በኋላ ጀልባው ላይ በተራ እንኖራለን። መጋረጃዎቹም ጠረጴዛውም ይመለሳሉ። እናቴ የምትጠብቀው ማሸነፋችንን ለማየት ነው። ካላሸነፍን አትመለስም። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ስለነበረ ማንንም አልጠየቅሁም።

በመጋቢት ካሊንዳን ከውሃ አወጣናት። ሆዷን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን፤ የድሮው ቀለም ሰማያዊ አቧራ ሆኖ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፣ ምራቄ ሳይቀር ሰማያዊ ሆነ። አብሮን የሚሠራው አጎቴ ሌን ነበር። በሥጋ አይዛመደንም። ጡረታ የወጣ ጀልባ ሠሪ ነው፤ ከአባቴ ጋር ሠላሳ ዓመት አብረው ተወዳድረዋል። ከፋሲካ ውድድር በፊትም የጀልባዎቹን ደህንነት አይቶ የሚፈርመው እሱ ነው።

ማያያዣ ብረት ማሰር የተማርኩት በዚያ ወር ነው። የፈረስ ኮቴ የመሰለ ብረት ነው፤ አፉ በብሎን ይዘጋል፤ ገመድና ሰንሰለት የሚያያዘው በእሱ ነው።

«ብሎን በራሱ አይታመንም» አለኝ አባቴ። «ባሕሩ ቀኑን ሙሉ ይነቀንቀዋል፤ አንድ ቀን ይፈታል። ስለዚህ በብሎኑ ራስ ላይ ባለው ቀዳዳ ሽቦ ታሾልኪና ትጠመዝዢዋለሽ። ጫፉን ወደ ውስጥ እጠፊው፤ የሰው እጅ እንዳይቧጭር። ብሎን ያለ ሽቦ ትቶ የሚሄድ ሰው ጀልባ ላይ አይውጣ።»

አሥራ ሁለት ማያያዣዎች አሰርኩ። አጎቴ ሌን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንድ በአንድ አያቸው።

«ይቺ ግራኝ የሠራችውን በሩቁ ነው የማውቀው» አለ። «ሽቦው ሁሉ ወደ ኋላ ዞሯል።»

«ይፈታል?» አልኩት።

«አይፈታም። እንዳንቺው ግትር ነው።»

ከፋሲካ በፊት ባለው ሐሙስ አጎቴ ሌን የምርመራ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ክራባት አስሮ ነበር፤ ሊያስቀን።

«ስም?»

«አንተ ሽማግሌ፣ ሠላሳ ዓመት ታውቀኝ የለ?»

«ስም አልኩ፣ ጌታዬ! መንግሥት ነኝ።»

የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹን ቆጠረ። የአደጋ ርችቶቹን አየ። ከዚያ የፊተኛውን ክዳን ከፍቶ መልህቁን ከነሰንሰለቱ ወደ ላይ አወጣ፣ በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገው፣ መልሶ አስገባው።

«አሥራ ስድስት ኪሎ» አለ እያቃሰተ። «አንድ ትንሽ ልጅ ያህላል።»

«ሕጉ ባይኖር እሱንም ባወረድኩት» አለ አባቴ።

«አምና በስንት ተሸነፍን?»

«በአርባ ሰከንድ።»

«አርባ ሰከንድ ማለት እኮ ይሄ መልህቅ ነው!»

ሁለቱም ሳቁ። አጎቴ ሌን ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ። እኔ አልሳቅሁም። ወረቀቱ እየታጠፈ ወደ ኪሱ ሲገባ አየሁ። ሕጉ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ አሁን ተፈረመ፤ ስለዚህ ሕጉ አለቀ።

በማግስቱ ስቅለት ነበር። እናቴ መስቀል የተሠራበትን የፋሲካ ዳቦ ይዛ መጣች። እኔ ድርሻዬን ወሰድኩ፤ እነሱ መኪናው ውስጥ ገብተው መስታወቱን ዘጉ። ለረጅም ጊዜ አልወጡም። መስታወቱ በትንፋሻቸው ጭጋግ ለበሰ። እዚያ ውስጥ ሞቋቸው ይሆናል አልኩና ፒንሳውን ከአባቴ ሳጥን አወጣሁ።

የፊተኛውን ክዳን ከፈትኩ። ሽቦውን ፈታሁ፣ ብሎኑን አላላሁ፣ መልህቁን ከሰንሰለቱ ለየሁት። አዲሱን ቀለም እንዳይቧጭር ከሥሩ ፎጣ አነጠፍኩ። ፎጣውን እየጎተትኩ ጠርዙ ድረስ ወሰድኩትና በመድረኩ እግር በኩል ቀስ ብዬ ለቀቅኩት። አንዴ «ጉልብ» አለ፤ ከዚያ ትንንሽ አረፋዎች ወጡ። ውሃው አረንጓዴ ነበር።

ማያያዣውን እዚያው የሰንሰለቱ ጫፍ ላይ መልሼ ገጠምኩት። ብሎኑን አጠበቅሁ። አዲስ ሽቦ አሾልኬ ጠመዘዝኩና ጫፉን ወደ ውስጥ አጠፍኩት። ብሎን ያለ ሽቦ ትቼ የምሄድ ሰው አልነበርኩም። ከዚያ ክዳኑን ዘግቼ የቀረኝን ዳቦ በላሁ።

አሁን መኪና ውስጥ ልጄን ካስቀመጥኩ በኋላ ቀበቶዋን ሦስት ጊዜ እስባለሁ። የጋዙን ቁልፍ አይቼ ተመልሼ እንደገና አያለሁ። ባለቤቴ ይስቅብኛል። ሰው እንዲህ ያለውን የሚያደርገው ፈርቶ ይመስለዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ያን ቀን ምንም አለመፍራቴ ነው።

ቅዳሜ አሥራ አራት ጀልባዎች ተሰለፉ። እናቴ መድረኩ ላይ ቆማ ነበር፤ ግራጫ ካፖርቷን ለብሳ፣ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከታ። እጄን አውለበለብኩላት። «ቀለናል!» ብዬ ጮህኩ። የሰማችኝ አይመስለኝም።

ቀለን ነበር። ካሊንዳ እንዲያ ስትሄድ አይቼ አላውቅም። አዲሱ ሸራ ሞልቶ፣ እኔ ከፍ ባለው ጎኗ እግሬን አንጠልጥዬ፣ ባሕሩ ከሥሬ እያለፈ፤ እስከ ቀትር ሁሉንም ከኋላችን አስቀረናቸው።

«ዞር ብለሽ ቁጠሪልኝ፣ ናሬል!»

«አሥራ ሦስት!»

«ሌን፣ ሰማህ? አሥራ ሦስት!»

«አትጩህ፣ ንፋሱ ይሰማሃል» አለ አጎቴ ሌን።

የብሩኒ ደሴትን ጫፍ ስንዞር አባቴ መንገድ ለማሳጠር ወደ ቋጥኙ ተጠጋ። እዚያ ንፋሱ ቆመ። ሸራው እንደ እርጥብ አንሶላ ተንጠለጠለ። ሌሎቹ ጀልባዎች ወደ ውጭ ርቀው ስለነበር ንፋስ አላቸው፤ ሲያልፉ ይታየኛል። ማዕበሉ ግን አልቆመም። ከኋላችን እየመጣ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ቋጥኙ ይገፋናል። በቋጥኙ ላይ ቡናማው የባሕር አረም ከፍ ዝቅ ይላል።

አባቴ ሞተሩን አስነሳ። ለማቅለል ብሎ ከሁለት ሊትር በላይ ናፍጣ አልተወም ነበር፤ ጀልባዋ ስትንከባለል ናፍጣው ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ሞተሩ አየር ይስባል። ሁለቴ ሳል አለና ጠፋ።

«ሌን» አለ አባቴ፣ በዝግታ። «መልህቅ።»

አጎቴ ሌን ወደ ፊት ሮጦ ክዳኑን ከፈተ። እጁን አስገባ። ከዚያ ቀና አለ።

«ክላይቭ። የለም።»

«ምን የለም?»

«መልህቁ የለማ!»

አባቴ መሪውን ለእኔ ሰጥቶ ወደ ፊት ሄደ። አጎቴ ሌን ጀልባዋን ከድንጋዩ የሚገፋበት ረጅም እንጨት ሊያመጣ ወደ ኋላ ሲመጣ መንገድ ላይ ተላለፉ። አባቴ ሰንሰለቱን እስከ ጫፉ ሳበው። ጫፉን መዳፉ ላይ አድርጎ ተመለከተ። ከዚያ እኔን ተመለከተኝ። ብዙም አልቆየ። ከቀበቶው ፒንሳውን አወጣ፣ ሽቦውን ቆረጠ፣ ብሎኑን ፈታ፣ ማያያዣውን ከነሽቦው ባሕር ውስጥ ወረወረው።

አሁንም እያቀለላት ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ መታን። ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ወንበር ሲሰበር ያለ ድምፅ ነው፤ ግን ደጋግሞ። አጎቴ ሌን በእንጨቱ ሲገፋ እንጨቱ አመለጠው፤ በእግሩ ሊገፋ ወደ ውጭ ዘረጋው። ካሊንዳ ተመልሳ መጣች። እግሩ በእሷና በድንጋዩ መካከል ነበር። አልጮኸም። «አይ» ብቻ አለ፤ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው።

ዓሣ አጥማጆች መጥተው አወጡን። አንዱ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ የሥጋ ፓይ ሰጠኝ። በእጄ ይዤው እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ሙቀቱ በወረቀቱ በኩል ይሰማኛል። አልበላሁትም፣ አላስቀመጥኩትምም። ካሊንዳን ማዕበሉ እስከ ሰኞ ጨረሳት።

በሚቀጥለው ሳምንት ውድድሩን ያዘጋጁት ሰዎች አባቴን ጠሩት። እኔና እናቴ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። በሩ በደንብ አይዘጋም ነበር።

«መልህቁ የት ነበር?»

«አወረድኩት» አለ አባቴ። «ዓርብ ዕለት። ለማቅለል።»

«ሌን ከፈረመ በኋላ?»

«አዎ። ከፈረመ በኋላ።»

የሻይ ስኒ ሳህኑ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ቀጥሎ የአጎቴ ሌን ድምፅ፤ እግሩ እስከ ጭኑ በጀሶ ታሽጎ ነበር።

«ሠላሳ ዓመት፣ ክላይቭ። በእኔ ፊርማ ላይ?»

 ከዚያ ቀን በኋላ እስኪሞት ድረስ አጎቴ ሌን ለአባቴ ቃል አልተናገረም። ሲቀበር አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ ነበር።

እኔ አግዳሚው ላይ ቀለለኝ። ለካስ መልህቁ ሁለት ነበር። እኔ አንዱን አወረድኩ፤ አባቴ ሳልነግረው ሌላውን አወረደ። አንድ ዓይነት ነገር በማሰባችን ደስ እንኳ አለኝ። እናቴ ግን ተነስታ እጄን ያዘችኝ። ቡናማው መኪና ውስጥ ሁለቱንም እጇን መሪው ላይ አድርጋ ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች።

«ሰማሽ» አለች። «በራሱ አፍ። ልጁን ይዞ፣ ያለ መልህቅ።»

የፍቺውን ጉዳይ ያየው ዳኛም የሰማው ይህንኑ ነው። አንድ ሳምንት ካንተ፣ አንድ ሳምንት ከእኔ የሚባለው ነገር ቀረ። ላውንሰስተን አደግሁ። አባቴ በወር አንድ እሑድ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል መኪና ነድቶ ይመጣል፤ ፓይ ይገዛልኛል፤ መናፈሻ ውስጥ እንቀመጣለን። ጀልባ ላይ እንዳያወጣኝ በጽሑፍ ተከልክሎ ነበር። ቀይና ነጮቹ መጋረጃዎች የአክስቴ ኩሽና ውስጥ ተሰቅለው ነበር። እናቴ የሄደችው ስለተሸነፍን ነው ብዬ ብዙ ጊዜ አሰብኩ። ብናሸንፍም ትሄድ ነበር። እኔ ግን ጀልባዋ ባትሰበር ኖሮ የልጅነቴን ግማሽ ከእሱ ጋር እኖር ነበር።

መልህቁ አንድ ብቻ እንደነበር የገባኝ በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ እንዲሁ። አላለቀስኩም። ሌላ ታሪክ ሠራሁ። አባቴ፣ አጎቴ ሌን ሐሙስ ዕለት መልህቁን አውጥቶ ሲያይ መድረኩ ላይ የረሳው መስሎታል፤ ጓደኛውን ከውርደት ለማዳን ብሎ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወሰደ። ጓደኛውም ሳያውቅ ጠላው። አሳዛኝ ነው፤ ግን የእነሱ ጉዳይ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስለ እኔ የሚያውቅ ሰው የለም። በእሱ ሠላሳ ዓመት ኖርኩ።

ልጄ ኤልሲ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ በየዓመቱ የሸራ ጀልባ ሳምንት አለው፤ ወላጅ የሚፈርምበት ወረቀት ይልካሉ። ጆሮዋን ያማታል ብዬ እመልሳለሁ። የዘንድሮው ከፍራፍሬው ሳህን ሥር ሁለት ሳምንት ቆይቷል።

ባለፈው እሑድ የዶሮዎቹ ቤት መዝጊያ ተሰበረ። እንቁላል ልለቅም ስወጣ ኤልሲ ጨርሳ እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች። ከጋራዡ ብሎን አግኝታ ገጥማዋለች። በብሎኑ ላይ ሽቦ አስራለች።

«ሽቦው ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«ብሎን በራሱ አይታመንም እኮ። አያቴ ነው ያሳየኝ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጥብቅ ያለ ነው። ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ሽቦው ወደ ኋላ ዞሯል። ኤልሲ ግራኝ ናት።

የእንቁላሉን ቅርጫት እንደያዝኩ ቆምኩ። ሌላ ማንም ሰው በዚያ ወሽመጥ ውስጥ ሽቦ ወደ ኋላ አያዞርም ነበር። አባቴ መዳፉ ላይ አድርጎ ያየው እሱን ነው። ቋጥኙ እየቀረበ፣ ሌን ጀርባውን በሰጠበት፣ ጀልባዋን ሊያድን ይችልበት ከነበረው ጊዜ ላይ አሥር ሰከንድ ወስዶ ባሕር ውስጥ የጣለው እሱን ነው።

ገብቼ ስልክ ደወልኩለት። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከወሽመጡ ብዙም በማትርቀው ዶቨር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ከኋላው ሬዲዮው የባሕሩን የአየር ሁኔታ ያነባል።

«አባባ» አልኩት። «ማያያዣው ላይ የነበረውን ሽቦ አይተኸዋል።»

ሬዲዮውን ዘጋው።  

«በደንብ ነበር ያሰርሽው» አለ። «ጫፉንም አጥፈሽዋል።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ? እያቀለልን ነው ብዬ የነገርኩሽ እኔ ነኝ።»

 የሚያለቅስ ሰው አልነበረም፤ በሁለቱም በኩል። በመስኮቱ ኤልሲ የዶሮዎቹን በር እየከፈተች እየዘጋች ትሞክረዋለች።

«ልጅቷስ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ደህና ናት። የዶሮዎቹን በር ጠገነችልኝ። ሽቦ አስራበታለች።»

«ወዴት አዞረችው?»

«ወደ ኋላ።»

ትንፋሹ ተሰማኝ።

«አይፈታም» አለ።